ምዕራፍ 6፦ ጦሙን የሚያድረው ኮራል

የፀሐይ ኮራል በዓሣ መደብር ውስጥ ቀን ቀን ሲታይ ብዙም አያምርም። የጣት ጫፍ የሚያክሉ ብርቱካናማ እብጠቶች የተደራረቡበት ጉብታ ነው። ገዢውን የሚማርከው ገንዳው ላይ የተለጠፈው ፎቶ ነው፤ እዚያ ላይ እያንዳንዱ እብጠት ፈክቶ ቢጫ ክንዶቹን በዙሪያው ዘርግቷል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ያስቀምጠዋል፣ አንድ ሳምንት ይጠብቃል፣ ሁለት ሳምንት ይጠብቃል፤ ኮራሉ አይከፈትም። ከጥቂት ወራት በኋላ በእብጠቶቹ መካከል ያለው ሥጋ እየሳሳ ነጭ አፅም ብቅ ይላል። ሰውየውም «አስቸጋሪ እንስሳ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ሻጩም አንገቱን ነቅንቆ ይስማማል።

በዚህ ፍርድ አልስማማም። የፀሐይ ኮራል በባሕር ውስጥ ቻይ ከሚባሉት ኮራሎች አንዱ ነው። ገንዳ ውስጥ በብዛት የሚታየውን ቱባስትሪያ ኮክሲኒያ የተባለውን ዝርያ መጀመሪያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ፕሪምቬር ሌሶን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1822 እስከ 1825 ዓለምን በዞረችው ላ ኮኪዬ መርከብ ተሳፍሮ ሄዶ፣ በፓሲፊኳ የቦራ ቦራ ደሴት ያየውን ገለጸ። የእንስሳው አገሩ የህንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ናቸው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1943 በካሪቢያን ባሕር፣ በፖርቶ ሪኮና በኩራሳኦ መገኘቱ በጽሑፍ ሰፈረ። ማንም አልጋበዘውም፤ ከመርከብ ሆድ ጋር ተጣብቆ ሳይሻገር አልቀረም። ዛሬ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ማውጫ መድረኮችን እግር አልብሶ ይታያል። በብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በነዳጅ መድረኮች ላይ ከታየ ወዲህ የአገሬውን ኮራሎች ቦታ እየቀማ ስላስቸገረ፣ ጠላቂዎች በመዶሻና በመሮ እየፈነቀሉ ያወጡታል።

እንግዲህ የዛገ ብረት ላይ ተጣብቆ ውቅያኖስ የተሻገረ እንስሳ፣ ሙቀቱ በቴርሞስታት በተጠበቀ፣ ጨዋማነቱ በየሳምንቱ በሚለካ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ ለምን ይሞታል? ነገሩ ወዲህ ነው፤ የሚገድለው ረሃብ ነው። ለረሃቡ ምክንያት የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ለንጹሕ ውኃ ያለው ፍቅር ነው።

አብዛኞቹ የሪፍ ኮራሎች ሥጋቸው ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉም ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ከእነሱ ያገኛል። ጓሮው ጎመን የሞላለት ሰው ገበያ ቢቀርበትም እንደማይራብ ሁሉ፣ እነዚህ ኮራሎች በቂ መብራት ካላቸው ባለቤቱ ማብላቱን ቢረሳም ይኖራሉ። የፀሐይ ኮራል ግን ጓሮ የለውም። አንድም አልጌ ሥጋው ውስጥ አያኖርም፤ ብርቱካናማው ቀለምም የራሱ ነው። ገንዳው ላይ የተሰቀለው መብራት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ለዚህ እንስሳ አንዲት ጉርሻ አይሆነውም።

ባሕር ውስጥ የሚኖርበትን ቦታ ማየት ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ፓሲፊክ ድረስ የቱባስትሪያ ወገኖች የሚገኙት ከዓለት ጣሪያ ሥር ተዘቅዝቀው፣ በዋሻ አፍ፣ በድልድይና በወደብ ምሰሶዎች ጥላ፣ በሰመጡ መርከቦች ጎን ነው። ብርሃን አይጎዳቸውም። ብርሃን በሞላበት ቦታ ግን ቶሎ የሚያድጉት አልጌዎችና ሌሎቹ ኮራሎች መሬቱን ቀድመው ይይዙታል፤ ስለዚህ ጥላው ለፀሐይ ኮራል ተወዳዳሪ የሌለበት ቦታ ነው። ከጥላው ጋር ደግሞ ኃይለኛ የውኃ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ምግቡን የሚያመጣለት እሱ ነውና። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቀኑን በጥልቁ ውኃና በዓለት ስንጥቅ ተደብቀው የዋሉ ጥቃቅን እንስሳት በብዛት ወደ ላይ ይወጣሉ። ኮራሉ የሚፈካው በዚያ ሰዓት ነው። ክንዶቹ ላይ ያሉት መንደፊያ ሕዋሳት ያገኙትን ያደነዝዛሉ፣ ክንዱ ይታጠፋል፣ ምርኮው መሃል ላይ ወዳለው አፍ ይገባል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ፣ በየሌሊቱ ይደጋገማል።

የቤት ገንዳ የተሠራው ለዚህ ተቃራኒ ነው። ፕሮቲን ስኪመሩ አረፋ እየሠራ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቅንጣት ሁሉ ጠራርጎ ያወጣል፤ የማጣሪያው ከረጢት ያመለጠውን ይይዛል፤ ከዚያም የተረፈውን ዓሣዎቹ ይቀላውጣሉ። ለፀሐይ ኮራል የሚደርሰው ጥርት ያለ የጨው ውኃ ብቻ ነው። ባዶ ውኃ ውስጥ ክንድ መዘርጋት ጉልበት ማባከን ስለሆነ ይዘጋል። ተዘግቶ ሲያየው ደግሞ ባለቤቱ «አልራበውም» ብሎ ያልፈዋል።

ጨዋማ ገንዳ መያዝ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ወር የሚሰማው ምክር ምግብ ቀንስ የሚል ነው። የተበላውም ያልተበላውም ምግብ መጨረሻው አሞኒያ ነው፤ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ፎስፌትም አብሮ ይከማቻል። ሁለቱ ሲበዙ አልጌ ገንዳውን ይወርራል፣ ስሱዎቹ ኮራሎች ይከሳሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለፀሐይ ኮራል ግን የሞት ፍርድ ነው። እዚህ ላይ ባለቤቱ አስተሳሰቡን መለወጥ አለበት። መግቢያውን ከማጥበብ መውጫውን ማስፋት ይሻላል። ምግቡ እንደ ልብ ይግባ፤ ቆሻሻው በዚያው ልክ የሚወጣበት መንገድ ይዘጋጅ። ይህ ምዕራፍ ከዚህ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከመግዛት በፊት ራስን መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ የገንዘብ አይደለም፤ የምሽት ነው። 40 ፖሊፕ (እያንዳንዱ እብጠት አንድ ፖሊፕ ነው) ያለውን ጉብታ አንድ በአንድ ማብላት፣ ዝግጅቱና ጽዳቱ ሲጨመርበት፣ የአንድ ፊልም ግማሽ ያህል ጊዜ ይወስዳል፤ ይህም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። የማታ ፈረቃ የሚሠራ ወይም በየወሩ ለሥራ የሚጓዝ ሰው ቢተወው ይሻለዋል። ዓሣ ለጎረቤት አደራ ይሰጣል፤ የፀሐይ ኮራልን ለማብላት የሚሆን ትዕግሥት ያለው ጎረቤት ግን ብዙ አይገኝም። ለጀማሪ የምመክረው ስምንት ወይም አሥር ፖሊፕ ያላት ትንሽ ቁራጭ ነው። በደንብ ከበላች ራሷ ትበዛለች።

ምርጫ ላይ መታየት ያለበት በፖሊፖቹ መካከል ያለው ሥጋ ነው። ጤነኛው ኮራል ከአንዱ ፖሊፕ ወደ ሌላው ያልተቋረጠ ቀለም ያለው ቆዳ ለብሷል። በመካከሉ ነጭ ወይም አረንጓዴ የበቀለበት አፅም ከታየ እንስሳው ለብዙ ጊዜ ጦሙን አድሯል ማለት ነው። ፖሊፖቹ ተዘግተውም ቢሆን ሞላ ማለት አለባቸው፤ ወደ ጽዋቸው የሰመጡ ከሆኑ ከስተዋል። ሻጩ ፊት ለፊት እንዲያበላው መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሚያበላ መደብር ደስ እያለው ያሳያል። ዝርያውንም መለየት ይጠቅማል። ብርቱካናማውና ዝቅ ብሎ የሚበቅለው ኮክሲኒያ ታጋሽ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ማይክራንተስ እጅግ ያማረ ነው፤ ፖሊፖቹ ግን ያነሱና የበዙ፣ ምግቡም የደቀቀና የተደጋገመ መሆን ስላለበት ለመጀመሪያ አይመከርም። እግረ መንገዴን ልጨምር፦ ድንጋያማ አፅም ያላቸው ኮራሎች በሙሉ በሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት 2ኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ሲሻገሩ የፈቃድ ወረቀት ይፈልጋሉ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ሲመለሱ በሻንጣ ይዞ መምጣት የሚሉት ሐሳብ ጉምሩክ ላይ መጨረሻው አያምርም።

የውኃው ልክ ከሌሎቹ ኮራሎች የተለየ አይደለም፦ ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ ጨዋማነት 35 ግራም በሊትር አካባቢ፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ አልካሊኒቲ ከ8 እስከ 11 ዲግሪ። አፅሙን የሚሠራው ከእነዚህ ስለሆነ በደንብ የሚበላ ኮራል ይጨርሳቸዋል፤ መለካት አይዘለልም። ቦታው የገንዳው ግርጌ ጥግ ሆኖ ውኃ ካልደረሰው አይሆንም። ከድንጋይ ጣሪያ ሥር ወይም በጎን በኩል፣ ሞገድ የሚያገኘው ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባለቤቱ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከዋሻ በስተጀርባ የተቀመጠ የፀሐይ ኮራል መልኩ ያምር ይሆናል፤ የሚያጎርሰው ግን አይኖርም።

አዲስ የመጣ ኮራል ብዙውን ጊዜ አፉን ዘግቶ ይመጣል። እንዲከፈት የሚያደርገው የምግብ ሽታ ነው። ምሽት ላይ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ አንድ እንክብል በረዶ የሆነ ማይሲስ ሽሪምፕ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ያቅልጡ። የቀለጠውን በሻይ ማጥለያ ያጥልሉና ከሥሩ ከተጠራቀመው ጭማቂ ጥቂቱን ብቻ በስሪንጅ ስበው፣ ኮራሉ ላይ በዝግታ ይልቀቁለት። ጭማቂው ፎስፌት ስላለው የቀረውን ወደ ገንዳው መገልበጥ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው፤ ሩብ ሰዓት፣ ምናልባት ግማሽ ሰዓት።

ይህን ጊዜ በእጅ ባትሪ ቀረብ ብሎ ማየት ያዋጣል፤ ቀይ ብርሃን ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ እንስሳው ብዙም አይረበሽበትም። መጀመሪያ የሚለወጠው የፖሊፑ ጠርዝ ነው፤ ተጨማዶ የነበረው ቆዳ ውኃ እየሞላ ይለጠጣል። ቀጥሎ መሃሉ ላይ ያለው አፍ፣ ቀጭን ስንጥቅ የነበረው፣ ላላ ይላል። ከዚያ ከጠርዙ ዙሪያ ቢጫ ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ የክንዶቹ ጫፎች ናቸው። ሁሉም እኩል አይወጡም። አንዱ ፖሊፕ ሙሉ በሙሉ ፈክቶ ጎረቤቱ ገና ጫፉን ያሳያል። በመጀመሪያው ምሽት ከአሥሩ ሁለቱ ብቻ ቢከፈቱ ሁለቱን ማብላት ነው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሽታ ይደገማል። ብዙ ኮራሎች በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሰዓቱን ይለምዱታል፤ አንዳንዶቹ ማጥለያው ገና ሳይነካ ተከፍተው ይጠብቃሉ። ካስለመዷቸው ሰዓቱን ወደ አመሻሹ፣ መብራት ሳይጠፋ ወደሚታዩበት ጊዜ ቀስ በቀስ ማምጣትም ይቻላል።

የምግቡ ዓይነት ከፖሊፑ አፍ መጠን ጋር ይሂድ። ማይሲስ ለኮክሲኒያ ልኩ ነው። የተከተፈ ክሪል፣ የተከተፈ ሽሪምፕ፣ የዓሣ እንቁላል፣ ካላነስ የሚባለው ደቃቅ የባሕር እንስሳ፣ አርቴሚያ የሚባለው ትንሽ የጨው ውኃ ሽሪምፕም ይበላል፤ ያደገ አርቴሚያ ብቻውን ግን ገንቢነቱ አነስተኛ ስለሆነ ማሟያ እንጂ ዋና ምግብ አይሁን። ትልቅ ቁራጭ ማጉረስ የሚያጠግብ ይመስላል፤ ኮራሉ ግን ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። ሁለት ትናንሽ ማይሲስ ከአንድ ግዙፍ ክሪል ይሻላሉ።

ማጉረሱ ራሱ እንዲህ ነው። የሞገድ ፓምፖቹና ውኃውን ማጣሪያዎቹ ካሉበት ከታችኛው ገንዳ የሚመልሰው ፓምፕ ይጠፋሉ። ረዘም ያለ ቱቦ ያለው ስሪንጅ ወይም ፒፔት ይሞላና፣ ጫፉ ከክንዶቹ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ምግቡ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ቀስ ተብሎ ይገፋል። በኃይል የተረጨበት ፖሊፕ ይደነግጣል፣ ይዘጋል፣ ለዚያ ምሽት በቃው። ማይሲሱ ክንድ ሲነካ ይጣበቃል፤ ክንዱ ወደ መሃል ይታጠፋል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። አንዱ ፖሊፕ እንደያዘ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። የአንድ ጉብታ ፖሊፖች በሥጋ የተያያዙ ቢሆኑም፣ አንዱ በልቶ ሌላውን ያጠግባል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ልምድ ያላቸው ሁሉንም በየተራ ያጎርሳሉ፣ ያመለጠውን በሚቀጥለው ምሽት ይጀምሩበታል።

ይህ ሁሉ የሚሳካው ሌባ ከሌለ ነው። የጨዋማ ገንዳ ጌጥ የሆነው ቀይና ነጭ መስመር ያለው አጽጂ ሽሪምፕ ዓይን ያወጣ ሌባ ነው። ማይሲሱ ወደ ኮራሉ አፍ ገብቶ ክንዶቹ ከተከደኑ በኋላ እንኳ ላዩ ላይ ቆሞ፣ ቀጫጭን እግሮቹን ፖሊፑ አፍ ውስጥ ከትቶ፣ ምግቡን ጎትቶ ያወጣዋል፤ በዚህም ሥጋውን ይቦጭቀዋል። በስሪንጁ ጫፍ ቢያባርሩት በሌላ በኩል ይመጣል። ሸርጣኖቹና ቀጫጭን ክንድ ያላቸው የባሕር ኮከቦችም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዓሣዎቹን ቀድሞ ማጥገብ ይረዳል፣ ሽሪምፑን ግን አያቆመውም። ፍቱኑ ዘዴ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፦ የጠርሙሱ ግርጌ ይቆረጣል፣ ላዩ እንደ ክዳን ኮራሉ ላይ ይደፋል፣ ምግቡ በጠርሙሱ አንገት በኩል ይገባል። ሽሪምፑ ውጭ ሆኖ ፕላስቲኩን ሲዞር ማየት የምሽቱ መዝናኛ ነው። ከሃያ ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ተከድኖ ይቆያል፤ ከዚያ ክዳኑ ሳይነሣ ትርፍራፊው በስሪንጅ ይሳባል።

ሌላው መንገድ ኮራሉን ድንጋዩ ላይ ሳያጣብቁ እንደ ልብ በሚነሣ ትንሽ ድንጋይ ላይ ማኖርና፣ በመብል ሰዓት የገንዳው ውኃ ወዳለበት ሳህን አውጥቶ ማብላት ነው። ትርፍራፊው ከሳህኑ ጋር ይደፋል፣ ገንዳው አይቆሽሽም። ይህን ዘዴ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ጠርሙሱን እመርጣለሁ፤ ኮራሉ በየሁለት ቀኑ ከውኃ ሲወጣና ሲገባ አንድ ቀን ከእጅ ማምለጡ አይቀርም፣ ቅዝቃዜም ይመታዋል። ትንሽ ገንዳ ላለው ሰው ግን ሳህኑ ይሻለው ይሆናል።

ፓምፑን መልሶ ማብራት መርሳት የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ነው። ማታ ሁሉም ይተነፍሳል፤ አልጌውም ቢሆን ብርሃን ስለሌለ ኦክስጅን ከመስጠት ይልቅ ይወስዳል። ውኃው ቆሞ፣ ምግብ ተጨምሮበት፣ ባለቤቱ ቢተኛ ጠዋት ዓሣዎቹን ተንሳፍፈው ያገኛቸዋል። ርካሽ ጊዜ ቆጣሪ ያለው ማከፋፈያ ይህን ያድናል። አዲስ አበባ ላይ ገንዳ ያቋቋመ ሰው ደግሞ ሌላም የሚያስበው አለ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ውኃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተጻፈ መመሪያ «ፓምፑን ለ45 ደቂቃ ያጥፉ» ቢል፣ እዚህ 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ አጠገቡም በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ መኖር አለበት። መብራት ሲጠፋም የሚያገለግለው እሱው ነው።

ስንት ጊዜ ይብላ? በሳምንት ሁለት ጊዜ በልቶ በሕይወት ይቆያል፤ ሦስትና አራት ጊዜ የሚበላ ያድጋል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚያገኝ ደግሞ ይበዛል። ከዚህ በላይ ያለው ለኮራሉ ሳይሆን ለማጣሪያው ፈተና ነው። እንግዲህ ወደ መውጫው እንመለስ። ጠንካራ ስኪመር ያስፈልጋል፤ ለመብል ሰዓት ብቻ ጠፍቶ ወዲያው የሚበራ። የማጣሪያው ከረጢት በመብል ማግስት ይለወጥ፤ ውስጡ የተያዘው ትርፍራፊ እዚያው ከበሰበሰ መያዙ ዋጋ የለውም፣ አልሸሹም ዞር አሉ ነው የሚሆነው። በታችኛው ገንዳ ውስጥ በመብራት የሚያድግ ኬቶሞርፋ የሚባል ፀጉር መሳይ አልጌ ናይትሬትና ፎስፌቱን እየበላ ይወፍራል፤ እየታጨደ ሲጣል ቆሻሻው አብሮ ወጣ ማለት ነው። በየሳምንቱ ከገንዳው ውኃ አሥር በመቶ ያህሉን መለወጥ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። ናይትሬት በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች እስከሆነ ድረስ የፀሐይ ኮራል አይጨነቅም፤ የሚጨነቁት አብረውት ያሉት ናቸው። ለዚህም ነው ቀለማቸው በትንሽ ፎስፌት የሚበላሽ ስሱ ኮራሎችን ከእሱ ጋር መሰብሰብ የማልመክረው። የራሱን ትንሽ ገንዳ ከቆዳማ ኮራሎችና ከሁለት ዓሣ ጋር ቢያገኝ ሁሉም ይጠቀማል።

ጠላቶቹ ብዙ አይደሉም። ሥጋው ውስጥ ያሉት መራራ ውሁዶች አብዛኞቹን ዓሣዎች ያርቃሉ። ሆኖም ከባሕር አብረውት የሚመጡ ሁለት ተመጋቢዎች አሉ፤ ሁለቱም መደበቅ ያውቁበታል። አንደኛው ኤፒቶኒየም ቢሊየነም የሚባል ጥምዝምዝ ቢጫ ቀንድ አውጣ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን በፖሊፖቹ መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ ይወሸቃል፤ እንቁላሎቹም ቢጫ ቅንጣቶች ሆነው በክር ተያይዘው ኮራሉ ሥር ይገኛሉ። ሌላኛው ፌስቲላ ሜላኖብራኪያ ነው፤ ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ሆኖ የበላውን ኮራል ቀለም ይወርሳል። ብርቱካናማ ላይ ብርቱካናማ፣ ጥቁሩ ላይ ጥቁር ነው። ጀርባው ላይ ያሉት ጣት መሳይ ተቀጥላዎች ደግሞ የፖሊፕ ክንድ ይመስላሉ። አንድ ፖሊፕ ሌሎቹ ሲከፈቱ እሱ ብቻ ለተከታታይ ቀናት ከተዘጋ፣ ወይም ሥጋው ከሥሩ ከተገመጠ፣ ሌሊት በባትሪ ጉብታውን ዙሮ ማየት ያሻል። መድኃኒት አያስፈልግም፤ በመቆንጠጫ ይለቀማሉ፣ እንቁላሉ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ከሳምንት በኋላ የተፈለፈለ እንዳለ ይደገማል። ቢጫው ቀንድ አውጣ በጣም ከማማሩ የተነሣ ለቅሞ መጣሉ ይከብዳል፤ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነገር አለመብላቱ ነው።

ጦሙን አድሮ የከሳ ኮራል ዋጋው ቀንሶ መደብር ጥግ ሲገኝ ተስፋ አይቆረጥበትም። ፖሊፖቹ ውስጥ ትንሽ ሥጋ ካለ ይድናል፤ የቱባስትሪያ ራሱን የመጠገን አቅም ብራዚል ውስጥ ያስቸገረበት አንዱ ምክንያት ነው፣ ተቀርፎ የቀረች ቁራጭ ሥጋ መልሳ ትበቅላለችና። አፅሙ ላይ የበቀለው አልጌ በጥንቃቄ ይፋቃል፤ ሕያው ሥጋውን ሳይነኩ። ማይሲስ መያዝ ስለማይችል መጀመሪያ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያና የደቀቀ ካላነስ በየምሽቱ ይሰጠዋል። ፖሊፑ ሞላ ሲል ምግቡ ይተልቃል። በፖሊፖቹ መካከል የተራቆተው አፅም በሥጋ ተመልሶ ለመሸፈን ወራት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያ የሚታየው ለውጥ ከፖሊፑ ግርጌ ወደ ውጭ የሚሳብ ቀጭን ብርቱካናማ ጠርዝ ነው።

ደህና የበላ ጉብታ የሚያስገርም ነገር ያደርጋል። እጮቹን ሆዱ ውስጥ አሳድጎ፣ ብርቱካናማ ሩዝ መሳይ ሆነው በአፉ ይለቃቸዋል። እጮቹ ጥቂት ተስበው ወይም ተንሳፍፈው የወደዱት ቦታ ላይ ይጣበቃሉ፤ ወደ ፖሊፕነት ይለወጣሉ። ይህ እንዲሆን ሁለተኛ ጉብታ አያስፈልግም። ባለቤቱ የሚያያቸው ብዙ ጊዜ ከተጣበቁ በኋላ ነው፤ የክብሪት ራስ የሚያክል ብርቱካናማ ነጥብ በመስታወቱ ጥግ፣ በድንጋዩ ሆድ፣ በውኃ መውረጃ ቱቦው ውስጥ። ለሌላ ገንዳ ባለቤት ማካፈል ይቻላል። ባሕር አጠገብ የሚኖር ሰው ግን፣ ከዝርያው አገር ውጭ በተለይም በአትላንቲክ ዳርቻ ያለ፣ ኮራሉንም ሆነ የገንዳውን ውኃ ወደ ባሕር እንዳይደፋ፤ ብራዚል የገባችበትን ጣጣ ከላይ አይተናል።

ሕፃናቱ ፖሊፖች ከእናታቸው የደቀቀ ምግብ ይፈልጋሉ፤ ጨው ውኃ ውስጥ በአንድ ቀን ገደማ የሚፈለፈለው የአርቴሚያ ጫጩት ለአፋቸው ልክ ነው። የሚወዱት ቦታ ውኃ የሚሮጥበት ስለሆነ በብዛት የሚገኙት የፓምፑ አፍ ላይ ነው። ፓምፕ ደግሞ በየጥቂት ወሩ ወጥቶ በኮምጣጤ ይታጠባል፤ ኮምጣጤ የካልሲየም አፅም ያሟሟል። ስለዚህ ፓምፑ ኮምጣጤው ባልዲ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዙሪያውን በባትሪ ይታይ፤ ብርቱካናማ ነጥብ ከተገኘበት በስለታም ቢላ ከሥሩ ተነሥቶ፣ በውኃ ውስጥ በሚይዝ ሙጫ ትንሽ ድንጋይ ላይ ይለጠፍና በዚያው ምሽት ይብላ።